የጥርስ ሕክምና ሠራተኞችና የሥራ ቦታ አቧራ፦ ማስክ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የሜርኩሪ አጠቃቀምን የሚገድበው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ጄኔቫ ላይ ባካሄዱት ጉባኤ፣ ለጥርስ መሙያ የሚያገለግለው አማልጋም እስከ 2034 ድረስ ከአገልግሎት እንዲወጣ ተስማምተዋል። አማልጋም ሜርኩሪን ከብርና ከሌሎች ማዕድናት ዱቄት ጋር በማዋሐድ የሚዘጋጅ ግራጫ መሙያ ነው። ውሳኔው በቀጥታ የሚመለከተው ሜርኩሪን ይሁን እንጂ፣ በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት አየር ምን እንደያዘ ለመጠየቅም ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይምታታሉ። አንደኛው የሜርኩሪ ትነት ነው። ሁለተኛው ከታካሚው አፍ ከምራቅና ከውኃ ጋር የሚረጨውና ተዋስያን ሊሸከም የሚችለው ጥቃቅን ጠብታ፣ ማለትም ኤሮሶል ነው። ሦስተኛው ጠጣር ነገር ሲፈጨ፣ ሲሞረድና ሲለሰልስ የሚነሣው ደረቅ አቧራ ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት የሁሉም ዓይን በሁለተኛው ላይ ስላረፈ፣ “ማስክ ካደረግን ተጠብቀናል” የሚለው አስተሳሰብ ሥር ሰዶ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሦስተኛው ላይ ነው። አቧራው የሚነሣበት ቦታም፣ ጉዳት የሚያደርስበት መንገድም፣ መከላከያውም ከሌሎቹ የተለየ ነው።

አቧራው ከየት ይነሣል?

በሕክምና ወንበሩ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ከሚገመተው የተሻለ ነው። ፈጣኑ የጥርስ መሰርሰሪያ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር ጥርሱ እንዳይግል ውኃ ይረጭበታል፤ የሚፈጨው የጥርስና የመሙያ ብናኝም አብዛኛው ረጥቦ በመምጠጫው (ሳክሽን) በኩል ይወጣል። አደጋው የሚመጣው ውኃው በሚዘጋበት ጊዜ ነው። አዲስ የተሞላ ጥርስ ብዙ ጊዜ በደረቁ ይለሰልሳል፤ ያረጀ መሙያ አንዳንድ ጊዜ ያለ በቂ ውኃ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ግን የሰው ሠራሽ ጥርስ እርማት ነው። ታካሚው “ይቆረቁረኛል” ብሎ የሚመልሰውን ጥርስ ሐኪሙ ከአፍ አውጥቶ በእጁ ይዞ፣ ከፊቱ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ያለ ውኃና ያለ መምጠጫ ይሞርደዋል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ስለሆነ ማንም እንደ አደጋ አይቆጥረውም። ነጩ ብናኝ ግን በመነጽሩና በጋውኑ ደረት ላይ በግልጽ ይታያል፤ ያልታየው ክፍል ደግሞ በአየር ላይ ይቆያል።

የጥርስ ልኬት የሚወሰድበት አልጂኔትም ሌላው ምንጭ ነው። ዱቄቱ ከባሕር አረም የሚገኝ ውሕድና ዲያቶም የተባሉ ደቂቅ የውኃ ፍጥረታት ቅሪት የሆነ፣ በሲሊካ (በአሸዋ ውስጥ በብዛት በሚገኘው ማዕድን) የበለጸገ ሙሌት ይዟል። ረዳቷ ከመለካቷ በፊት ዱቄቱን ለማላቀቅ ጣሳውን ስትነቀንቅና ወዲያው ክዳኑን ስትከፍት ከአፉ የሚወጣው ትንሽ ጭስ መሰል ነገር ይኸው ነው። ዱቄቱ እንዳይቦን ተደርገው የሚመረቱ ዓይነቶች በገበያ አሉ፤ የዋጋ ልዩነታቸውም ከሚያስቀሩት ብናኝ አንጻር ሲታይ ከባድ አይደለም።

ዋናው የአቧራ ቤት ግን ታካሚው ፈጽሞ የማያየው የጥርስ ላብራቶሪ ነው። ቴክኒሻኑ የጄሶ ሞዴል ይቆርጣል፤ የአክሪሊክ ጥርስ ይሞርዳል፤ የብረት መዋቅር ያለሰልሳል፤ ፖርስሊን ይፈጫል። የብረት መዋቅር ለማውጣት የሰም ቅርጹ በሙያው ኢንቨስትመንት በሚባል፣ ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ዱቄት ይሸፈናል። ይህ ዱቄት ኳርትዝና ክሪስቶባላይት የተባሉ የሲሊካ ዓይነቶችን በብዛት ይዟል። ዱቄቱ ደርቆ ቅርፊት ይሆናል፤ ሰሙ በሙቀት ወጥቶ በቦታው ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ከቀዘቀዘ በኋላ ቴክኒሻኑ ቅርፊቱን በመዶሻ ሰብሮ ይለየዋል፤ በብረቱ ላይ የቀረውን ደግሞ በአየር ግፊት ጠጣር ቅንጣት እየረጨ (ሳንድብላስት) ያጸዳዋል። በአንድ የላብራቶሪ ቀን ውስጥ ከእነዚህ ሁለት ተግባራት የበለጠ አደገኛ አቧራ የሚያስነሣ ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነና የማሽኑ ጓንት ወይም መዝጊያ ከተቀደደ፣ አቧራውን የሚተነፍሰው ሥራውን የሚሠራው ሰው ብቻ አይሆንም፤ በአጠገቡ ሰም የሚቀርጸውም ይጋራዋል።

ከሲሊካ ሌላ ብረቶቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኮባልትና ክሮሚየም የያዙ ቅይጦች ሲሞረዱ የሚነሣው ብናኝ ሳንባንና ቆዳን ያስቆጣል። በአንዳንድ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጦች ውስጥ የሚጨመረው ቤሪሊየም ደግሞ በጣም በትንሽ መጠንም ቢሆን የሰውነት መከላከያን አነሣሥቶ ዘላቂ የሳንባ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለጥርስ ላብራቶሪ ሠራተኞች በዚሁ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ቅይጥ ሲገዛ “ቤሪሊየም የሌለበት” መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ማረጋገጥ ምንም ወጪ የለውም።

የማይታየው ብናኝ ለምን የከፋ ይሆናል?

የአቧራ ጉዳት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በተሠራበት ነገር፣ በመጠኑና በቅንጣቱ ስፋት። ስፋቱ የሚለካው በማይክሮን ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በዓይን የሚታየውና ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ትልቁ ቅንጣት በአብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ ይቀራል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ወደ ሳንባ ቱቦዎች ይዘልቃል፤ 4 ማይክሮን ገደማና ከዚያ በታች የሆነው ደግሞ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸው የአየር ከረጢቶች ድረስ ይደርሳል። ትልቁ ቅንጣት በሰከንዶች መሬት ሲይዝ፣ አንድ ማይክሮን የሚያህለው ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ማሽኑ ከጠፋና አየሩ ጥርት ብሎ ከታየ በኋላ ማስክን አውልቆ ሻይ መጠጣት፣ አደገኛው ክፍል ገና በክፍሉ እያለ መከላከያን መጣል ነው።

በከረጢቶቹ ውስጥ የሲሊካ ቅንጣት ሲገባ ማክሮፌጅ የተባሉት የጽዳት ሕዋሳት ይውጡታል። ይሁን እንጂ ሊፈጩት አይችሉም፤ ራሳቸው ይሞታሉ፣ ሲሞቱም የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ፤ ቅንጣቱም ተመልሶ በሌላ ሕዋስ ይዋጣል። ይህ ሲደጋገም ሳንባው ጠባሳ እያበጀ ይደድራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የተለመደው ዓይነት ምልክቱን የሚያሳየው አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሠራተኛው ሥራውን ካቆመ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1997 በሥራ ቦታ የሚተነፈሰውን፣ እንደ ኳርትዝና ክሪስቶባላይት ያለውን ክሪስታላዊ ሲሊካ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጠላቸው ነገሮች መድቦታል።

ለኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ሲሊካ የሳንባን የመከላከል ዐቅም ስለሚያዳክም፣ በተጋለጠ ሰው ላይ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የመከሰት ዕድልን ይጨምራል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሁለቱ በሽታዎች በራጅ ሲታዩ ሊመሳሰሉም ይችላሉ። ሲያስል የኖረ አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ መርማሪው አስቀድሞ ቲቢን መጠርጠሩ ትክክል ነው፤ ስለ ሥራው ሳይጠይቅ መቅረቱ ግን ሲሊኮሲሱን ለዓመታት ሊሸፍነው ይችላል።

ማስረጃው ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ዘገባ፣ በአምስት ግዛቶች ከ1994 እስከ 2000 ባለው ጊዜ ሲሊኮሲስ የተረጋገጠባቸው ዘጠኝ የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሻኖች መገኘታቸውን ገልጿል። ከቱርክም በቴክኒሻኖች ላይ የታየ የአቧራ የሳንባ በሽታን የሚመለከቱ ጥናቶች ደጋግመው ወጥተዋል። ስለዚህ ላብራቶሪውን በተመለከተ የሚያከራክር ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የአቧራው ምንነት፣ የጉዳቱ መንገድና በሽተኞቹ ሦስቱም ይታወቃሉ።

በሐኪሞች በኩል ያለው ማስረጃ ግን ደካማ ነው፤ ክርክሩ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ በቨርጂኒያ በሚገኝ አንድ ልዩ የሕክምና ማዕከል ከ2000 እስከ 2015 ድረስ ኢዲዮፓቲክ ፐልሞናሪ ፋይብሮሲስ ለተባለ፣ መንስኤው በውል ለማይታወቅ የሳንባ ጠባሳ ከታከሙት 894 ሰዎች መካከል ስምንት የጥርስ ሐኪሞችና አንድ የጥርስ ቴክኒሻን እንደነበሩ አሳውቋል። ከዘጠኙ ሰባቱ ሞተዋል። በሕይወት ከነበሩት ቃሉን የሰጠ አንድ ታካሚ ያለ መተንፈሻ መከላከያ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለሰልስ፣ አማልጋምና የልኬት ዱቄት ያዘጋጅ እንደነበር ተናግሯል።

ዘገባው ዜና ሲሆን “የጥርስ ሐኪምነት ሳንባን ያጠፋል” ወደሚል ድምዳሜ የሄዱ ነበሩ። ዘገባው ራሱ ግን መንስኤው እንዳልተረጋገጠ በግልጽ አስቀምጧል። ዘጠኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የተገኙት በአንድ ማዕከል ነው፤ ስለ ሲጋራና ስለ ቀድሞ ሥራቸው የተሟላ መረጃ አልነበረም፤ የተሻለ ገቢ ያለው ባለሙያ ወደ ልዩ ማዕከል የመድረስ ዕድሉ ከሌላው ሰው የሰፋ መሆኑም ቁጥሩን ሊያሳብጠው ይችላል። በተቃራኒው የሚቆሙት ደግሞ፣ የቀደሙት ሐኪሞች ብዙ የላብራቶሪ ሥራ በራሳቸው እጅ ይሠሩ እንደነበርና በሽታው ለመታየት አሥርተ ዓመታት የሚፈልግ በመሆኑ እርግጠኝነትን መጠበቅ ብዙ ሰው እስኪታመም መጠበቅ እንደሆነ ያስረዳሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት አለ። ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሚዛን የሚደፋው ግን መከላከያው ርካሽ መሆኑ ነው፤ በደረቅ የሚሠራውን በእርጥብ መሥራትና መምጠጫውን ማቅረብ የምርምር ውጤት እስኪመጣ ሊቆይ የሚገባው ነገር አይደለም።

ማስኩ የሚያንሰው የት ላይ ነው?

በየክሊኒኩ የሚታየው ባለ ሦስት ሽፋን የቀዶ ሕክምና ማስክ የተሠራው የባለሙያው ምራቅና ትንፋሽ በታካሚው ላይ እንዳያርፍ፣ ርጭትም ወደ ባለሙያው አፍ እንዳይገባ ነው። ለዚህ ተግባሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን በጉንጭና በአፍንጫ አጥንት በኩል ክፍተት አለው፤ አየር ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀለውን መንገድ ስለሚመርጥ፣ ጥቃቅኑ ብናኝ በጨርቁ ከመጣራት ይልቅ በክፍተቱ ይገባል። ማስኩን ደርቦ ማድረግም ክፍተቱን አይዘጋም።

ለአቧራ የሚሆነው በሙያው ሬስፒሬተር የሚባለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የሚዘጋ መከላከያ ነው። ኤን 95 የሚል ምልክት ያለው ቢያንስ 95 በመቶ፣ የአውሮፓው ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ደግሞ ቢያንስ 94 በመቶ የሚሆነውን የመሞከሪያ ብናኝ ያስቀራል። እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ግን መከላከያው ከፊት ጋር በትክክል ሲገጥም ብቻ ነው። ጺም መግጠሚያውን ይከፍተዋል፤ የላላ ማሰሪያ ይከፍተዋል፤ ለአንዱ ፊት የገጠመው ለሌላው ላይገጥም ይችላል። መግጠሙ ሳይፈተሽ የታደለ ኤን 95፣ ባለቤቱን ያላግባብ የሚያደፋፍር ውድ ማስክ ከመሆን አያልፍም።

ከምንጩ መያዝ

የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች መከላከያን በደረጃ ያስቀምጡታል፤ አደገኛውን ነገር ማስወገድ ወይም በሌላ መተካት ቀዳሚው ሲሆን፣ አቧራውን ከተነሣበት መያዝ ይከተላል፤ ከዚያም የአሠራር ሥርዓት ይመጣል፤ በሰውነት ላይ የሚለበስ መከላከያ መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማስክ የሚሠራው ሠራተኛው ባስታወሰና በታገሠ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ያልተነሣ አቧራ ግን የማንንም ማስታወስ አይፈልግም።

መተካት ሲባል ለሳንድብላስት የሲሊካ አሸዋን ትቶ አሉሚኒየም ኦክሳይድ መጠቀም ጥሩ ምሳሌ ነው። ቱርክ ጂንስ በአሸዋ በማደብዘዝ ሥራ የተሰማሩ ወጣት ሠራተኞች በሲሊኮሲስ ካለቁ በኋላ አሠራሩን በ2009 እ.ኤ.አ. አግዳለች፤ የተማረችውም በከባድ ዋጋ ነው። ይሁንና አሸዋውን መቀየር ብቻውን ነገሩን አይጨርስም፤ የሚጸዳው ቅርፊት ራሱ ሲሊካ ስለሆነ ማሽኑ በሚገባ የተዘጋና አየሩን የሚመጥ መሆን አለበት።

ምንጩ ላይ መያዝ ማለት የመምጠጫው አፍ ከሚሞረደው ዕቃ አጠገብ፣ በሠራተኛው አፍንጫና በዕቃው መካከል ያለውን አየር ወደ ራሱ በሚስብበት ቦታ መሆኑ ነው። ጥቂት ሴንቲ ሜትር መራቁ የመሳብ ኃይሉን በእጅጉ ይቀንሰዋል። በጣሪያ ወይም በጠረጴዛ ላይ የሚተከል የአየር ማራገቢያ ግን መከላከያ አይደለም፤ አንድ ሰው ሊተነፍሰው የነበረውን አቧራ ለክፍሉ ሁሉ ያከፋፍላል። በየቦታው የሚታይ ሌላ ልማድም አለ። በቀኑ መጨረሻ ጠረጴዛውንና ልብስን በኮምፕሬሰር አየር “እፍ” ማድረግ ያረፈውን ጥቃቅን ብናኝ በሙሉ መልሶ ወደ አየር ማንሣት ነው፤ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግም ከዚህ ብዙ አይሻልም። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ወይም ሄፓ የተባለው ጥቃቅን ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ማጽዳት ይገባል።

ውኃ ከሁሉ የቀለለው መድኃኒት ነው። የተሰበረው ቅርፊት አስቀድሞ ውኃ ቢነከር፣ ጄሶው በእርጥቡ ቢቆረጥ፣ ማለስለሻው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት (ፓሚስ) በደረቁ ሳይሆን ተበጥብጦ ቢሠራበት ብዙ አቧራ ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለቀናት ያልተቀየረ የፓሚስ ብጥብጥ የባክቴሪያ መራቢያ ስለሚሆን፣ ከታካሚ አፍ የመጣ ጥርስ ሳይታጠብና በፀረ ተዋስያን ሳይጸዳ ሲለሰልስበት የሚረጨው ሌላ አደጋ ያመጣል። ብጥብጡን በየቀኑ መቀየር ያስፈልጋል።

ሕጉ፣ ልኬቱና ወጪው

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ፣ እንዲሁም አደገኛ ሥራ ላይ ለሚሰማሩ እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያስገድዳል። አገሪቱ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራው ባለሙያ የሚተዳደረው በሌላ፣ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ዱቄት የሚተነፍሱ ሁለት ቴክኒሻኖች መብታቸውን የሚጠይቁበት መንገድ የተለያየ ነው።

ሕግ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ መጣሱን ማወቅ ሌላ። የአሜሪካ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በስምንት ሰዓት አማካይ ከ50 ማይክሮግራም በላይ ሊተነፈስ የሚችል ሲሊካ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ እንዲኖር አይፈቅድም፤ የብሪታንያው ወሰን የዚህ እጥፍ ነው። አንድ ሠራተኛ በፈረቃው 10 ሜትር ኩብ ያህል አየር ይተነፍሳል ብንል፣ በጥብቁ ወሰን እንኳ በቀን ወደ ሳንባው የሚገባው ግማሽ ሚሊ ግራም ነው። ይህን ያህል ጥቂት ነገር በዓይን መገመት አይቻልም። ልኬቱ በሠራተኛው ደረት ላይ የሚታሰር ፓምፕና የተሟላ ቤተ ሙከራ ይጠይቃል፤ ለአንድ አነስተኛ ላብራቶሪ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ ተግባሩን መቆጣጠር፣ ማለትም ተቆጣጣሪው “ቅርፊት የምትሰብሩት በእርጥብ ነው? ሳንድብላስተሩ ይዘጋል? መምጠጫው ይሠራል? ማጣሪያው መቼ ተቀየረ?” ብሎ መጠየቁ የበለጠ ያስኬዳል።

የክሊኒክና የላብራቶሪ ባለቤቶች በበኩላቸው መምጠጫና ማጣሪያ ከውጭ የሚገቡ መሆናቸውን፣ መለዋወጫ እንደሚጠፋና ወጪው በታካሚው ላይ እንደሚያርፍ ያነሣሉ። ስጋቱ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ከላይ ከተዘረዘሩት ውስጥ ውኃው፣ እርጥቡ ጨርቅ፣ የኮምፕሬሰር አየርን ለጽዳት አለመጠቀም፣ ዱቄትን ከከፍታ አለመገልበጥና አቧራ የሚበዛበትን ሥራ በተለየ ክፍል ማድረግ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም። የወጪው ክርክር የሚያሳምነው እነዚህ ሁሉ ከተሠሩ በኋላ ለሚቀረው ክፍል ነው።

ዲጂታል ሥራ አቧራውን ያስቀራል?

ልኬትን በካሜራ የሚወስደው ስካነርና ጥርስን በኮምፒውተር የሚቀርጸው ማሽን ሲስፋፉ፣ አልጂኔትም፣ የጄሶ ሞዴልም፣ ቅርፊት መስበርም እየቀነሱ ይሄዳሉ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ምናልባትም በላብራቶሪ ሠራተኛ ሳንባ ላይ ከማንኛውም ደንብ የበለጠ ጥቅም ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን ዚርኮኒያ የተባለው ጠንካራ ሴራሚክ ብዙ ጊዜ በደረቅ ይቀረጻል፤ ዱቄቱም እንደ ኖራ የላመ ነው። ሲሊካ ባይሆንም በብዛት ሲተነፈስ ሳንባን የሚያስቸግር ብናኝ ነው። ማሽኑ ሲሠራ ዝግ ስለሆነ አቧራው አይወጣም፤ የሚወጣው በሩ ሲከፈትና ውስጡ በብሩሽ ወይም በአየር ሲጸዳ ነው። በሥሪ ዲ አታሚ የወጣ ሬዚንም መጨረሻው በእጅ መሞረድ አለበት። ከዚህም ሌላ፣ ርካሽና ያገለገሉ ማሽኖች ወደ አገር ሲገቡ አብሯቸው መምጣት ያለበት መምጠጫ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላል። ማሽን የሚገዛ ተቋም የመምጠጫውንና የማጣሪያውን ዋጋ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከማሽኑ ዋጋ ሳይነጥል ማስገባቱ፣ ከዓመታት በኋላ ለብቻው በጀት ከመጠየቅ ይቀላል።